የጎን ብርሃን

ግንቦት 6

ለእህቴ ልጅ፣

ይህች ወረቀት እጅሽ እስክትገባ ጤናሽ ሙሉ፣ ጉልበትሽ ብርቱ፣ ፊትሽ ብሩህ ሆኖ ይቆየኝ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። አክስትሽን ወገቧ ዝናብ ሲመጣ ብቻ ነው የሚያስታውሳት። እኔም ዓይኔ ትንሽ ከመድከሙ በቀር ፎቶ ቤቴን ጠዋት ከፍቼ ማታ እዘጋለሁ። ሰው የራሱን ፊት ማየት እስከወደደ ድረስ ሥራ አላጣም።

የጻፍኩልሽ ስለ ልጄ ስለ ቡጢ ነው። እጇን ጨብጣ ስትወለድ ያወጣሽላት ስም እስከ ዛሬ አለቀቃትም። አንቺ ስትሄጂ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ አሁን ሃያ ዓመቷ ነው። የመምህራን ማሠልጠኛ ጨርሳ፣ መስከረም መጨረሻ ትምህርት ቤት ሲከፈት አንደኛ ክፍል እንድታስተምር ተመድባለች። ደስታችን ግን ሙሉ አልሆነም። ከአሥራ ስድስት ዓመቷ ጀምሮ ብጉር ፊቷ ላይ ሲጫወት ከረመ፤ አሁን እሱ ሲሄድ ጠባሳውን ትቶላት ሄደ። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ትገባለች። ስትወጣ ሻርፗን እስከ አፍንጫዋ ታመጣዋለች። የመታጠቢያ ቤቱን መስታወት ፊቱን ወደ ግድግዳ ስላዞረችው እኔ ጢሜን የምላጨው በግምት ነው። አንድ ቀን ስትመጪ አገጬ ተቆራርጦ ብታዪው ጦርነት ዘምቷል ብለሽ እንዳታስቢ።

«ትንንሽ ልጆች ያዩትን ይናገራሉ፤ አልሄድም» ብላ ቁርጧን ነግራናለች። ያን ሁሉ ዓመት ተምራ ቤት ልትቀር ነው። ሐኪም ቤት ወስጃት ነበር፤ «ይህ በሽታ አይደለም» ብለው መለሱን።

አንቺ የምትሠሪው የቆዳ ክሊኒክ ነው። ከፎቶ ቤቴ ቀጥሎ ያለው ልብስ ሰፊ፣ እዚያ አገር የብጉር ጠባሳን በሁለት ሳምንት ጥርግ የሚያደርግ ቅባት አለ ይለኛል። እሱ የሚለው ሁሉ እውነት ባይሆንም ይህን ግን ሰምቶ ነው። አንድ እንኳን ላኪልን። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ይባል የለ?

በረከትሽ ይብዛ።

አጎትሽ

---

ሰኔ 10

የተከበሩ አጎቴ ጋሼ፣

እርስዎም እትዬም እንደምን ከረማችሁ? ቤታችሁ ሰላም፣ ደጃችሁ ደህና ይሁን። እኔ ደህና ነኝ። መልሴ የዘገየው ሥራ ስለበዛ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

ስለ ቡጢ ያነበብኩት አሳዝኖኛል። ግን በሁለት ሳምንት ጥርግ የሚያደርግ ቅባት እኔ በዚህ ስድስት ዓመት ውስጥ አላየሁም። ካለ ልብስ ሰፊው ይላኩልኝ፤ እኔም ፊቴ ላይ የምቀባበት አላጣም። እኔ እዚህ ሐኪም አይደለሁም። ክፍል አዘጋጃለሁ፣ መሣሪያ በእንፋሎት አጸዳለሁ፣ የሕመምተኛ ካርድ አመጣለሁ፤ ሥልጣኔ በዚህ ያበቃል። ቢሆንም የክሊኒኩን ሐኪም በምሳ ሰዓት ለምኛታለሁ። እሷም ያላየሁትን ፊት አላክምም አለች። ጠባሳ ሁሉ አንድ አይደለም። ቆዳው ላይ ጥቁር ምልክት ብቻ ከቀረ ቅባትና ትዕግሥት ያደበዝዘዋል። ቆዳው ከሰረጎደ ግን ቅባት ጉድጓድ አይሞላም፤ ሌላ ሥራ ይፈልጋል። ብጉሩ ገና ካልቆመ ደግሞ መጀመሪያ እሱን ማቆም ነው።

ስለዚህ ሦስት ፎቶ ይላኩልኝ፤ ከፊት፣ ከቀኝና ከግራ። ለእርስዎ ይህ ቀላል ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅ። የዛሬ አራት ዓመት ለእትዬ እጅ የላክሁት ቅባት ጠቀማቸው? የልብስ ሳሙናው እጃቸውን ሰነጣጥቆት ነበርና። እንዳይጠፋ ብዬ ክዳኑ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አድርጌበት ነበር። ስለ እሱ ማንም አልጻፈልኝም። እንዲያው ትዝ ብሎኝ ነው።

የእህትዎ ልጅ

---

ሐምሌ 2

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ እንደ ሁልጊዜው ጤናሽን እመኛለሁ።

ፎቶዎቹን ይኸው። በሕይወቴ ወረቀት የሚያክም ሐኪም ሰምቼ አላውቅም፤ ግን ካልሽ ይሁን። ቡጢን ካሜራ ፊት ለማስቀመጥ ስምንት ቀን ለመንኳት። በመጨረሻ እናቷ አልቅሳ ነው የተቀመጠችው። ትልቁን ካሜራ አወጣሁ፣ መብራቶቹን ፊት ለፊት ደረደርኩ። ነጌቲቩ ላይ ደግሞ አንድ ሙሉ ቀን ተቀምጬ ሠራሁበት፤ ለሙሽራ እንኳን እንዲህ ደክሜ አላውቅም። ሐኪምሽ የአጎትሽን ሙያ አይታ ትመርቅሽ።

ታጥቦ ሲወጣ ለቡጢ አሳየኋት። «እዪ፣ እንዴት ያለሽ ቆንጆ ነሽ» አልኳት። ብዙ ጊዜ አየችውና ምንም ሳትል መልሳ ሰጥታኝ ሄደች። ደስ ብሏት ቃል ጠፍቷት ይሆናል።

ስለ እጅ ቅባቱ አክስትሽን ጠየቅኋት። «ጨርሼዋለሁ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። በአራት ዓመቱ ምን አስታወሰሽ?

አሁን ጊዜ የለንም። መንገድ ዳር ያለችው ፀጉር ሠሪ «በአንድ ቀን ቆዳውን ልጬ አዲስ ፊት አወጣላታለሁ» እያለች ለቡጢ ወሬ ትልክባታለች። በጠርሙስ የሚመጣ ነገር ነው፤ ሽታው የዕቃ ማጠቢያ ይመስላል። እኔ አልወደድኩትም። ስለዚህ ጠንከር ያለውን ቅባት ላኪ። ሁለት አድርጊው፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው እንዲተካ።

አጎትሽ

---

ሐምሌ 28

ለጋሼ፣

ጤና ይስጥልኝ።

ፎቶዎቹ ደረሱ። ሐኪሟ ምሳዋን አቁማ በማጉያ መነጽር አየቻቸው፤ ቀኝ፣ ግራ፣ እንደገና ቀኝ። ከዚያ ወደ እኔ ቀና ብላ «ይህች ልጅ ምኗን ነው የማክመው?» አለችኝ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ፎቶውን ከእጇ ተቀብላ «እኔስ ይህን ፊት ባገኘሁ» ብላ ሳቀች። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሐኪሟ የምታውቀኝ በታማኝነቴ ነው። ሌላ ሰው ሰልፍ ይዞ የሚያገኘውን ጊዜዋን ለምኜ፣ ጠባሳ ለሌላት ልጅ የጠባሳ መድኃኒት ጠየቅኋት።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና በግልጽ ልናገር። የዛሬ ሦስት ዓመት አንዲት የማውቃት ሴት እናንተ ሰፈር ካለው መድኃኒት ቤት የእጅ ቅባት ገዝታ ወደዚህ መጣች። ክዳኑ ላይ ቀይ ነጥብ ነበረበት። እኔ ራሴ የነጠብኩት ነው፤ ከነጥቡ አጠገብ የጣቴ አሻራ እንኳን ቀርቶበት ነበር። ዝም አልኩ። ሆድ ይፍጀው ብዬ። አሁን ግን መጀመሪያ አንድ ቅባት፣ ቀጥሎ ጠንከር ያለ፣ ቀጥሎ ሁለት ሲሉኝ፣ ከዚያም ፊቷ እንደ እንቁላል የለሰለሰ ልጅ ሲልኩልኝ ምን ልበል? እባብ ያየ በልጥ በረየ።

ቅባቱ ለማን ነው ጋሼ?

የእህትዎ ልጅ

---

ነሐሴ 19

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን፤ ለእኔ ግን ከደብዳቤሽ በኋላ ሰላም የለኝም።

እኔን ነጋዴ አደረግሽኝ። እናትሽ ስትሞት እጅሽን ይዤ ያመጣሁሽ፣ አልጋዬን ለቅቄ ጨለማ ክፍል ወለል ላይ የተኛሁ ሰው ነኝ። ያን ቅባት እንኳን ልሸጠው ቀለሙን አላውቀውም። ዋሽቼ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፤ ፎቶ አንሺ በዓይኑ ሲምል ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ፎቶው የቡጢ ነው። በእጄ አንስቼ፣ በእጄ አጥቤ፣ በእጄ አትሜዋለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

አንቺም የማታወሪው ነገር ሳይኖር አይቀርም። ልብስ ሰፊው እንደነገረኝ እናንተ ዘንድ ያሉ ክሊኒኮች «ከሕክምና በፊት፣ ከሕክምና በኋላ» እያሉ የሰው ፊት በአልበም ለገበያ ያሳያሉ። ለካ ያማረ ፎቶ የማይበቃችሁ ለዚህ ነው? ልጄን በጠባሳዋ ግድግዳ ላይ ልትሰቅሉልኝ ነው? ቅባት መላክ ካልፈለግሽ አልፈልግም በይ። የአንቺ መድኃኒት ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆኖብናል።

ደብዳቤሽን ጠረጴዛ ላይ ትቼው ቡጢ አንብባዋለች። ከዚያ ወዲህ ያለውን አልጽፍልሽም። መጻፍ አልችልም።

አጎትሽ

---

መስከረም 9

ለጋሼዬ፣

ይህን ደብዳቤ እስኪጨርሱ አይቀደዱት ብዬ እለምናለሁ። ፈጣሪ ቤታችሁን ይጠብቅ፤ ሁላችሁም በጤና ቆዩኝ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ የብዕሩም እንዲሁ ነው። ግን የሆነውን ልንገርዎ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ቀን ተናድጄ ፎቶዎቹን አወጣኋቸው። ልክዎን ላስገባ ፈልጌ ነው፤ አልዋሽም። መሣሪያ የምናይበት መብራት ሥር አስቀምጬ የቡጢን አገጭ ፈለግሁ። እኔ አሥራ አራት ዓመቴ፣ እሷ ሁለት ሳለች፣ ከፎቶ ቤቱ ደረጃ ላይ ከጀርባዬ ጣልኳት። አገጯ ላይ ሦስት ስፌት ተሰፋች። ያን ጠባሳ ብጉር አላመጣውም፤ ብጉር አይወስደውም። ፎቶው ላይ ግን የለም። ሦስቱም ላይ የለም። «ያዝኳቸው! ሌላ ልጅ ነው የላኩልኝ» አልኩ። እውነቴን ነው፤ ደስ አለኝ።

ከዚያ ጆሮዋን አየሁ። የእናቴ ጆሮ ነው፤ ጫፉ ወደ ውጭ የወጣው። ልጅቷ ቡጢ ናት። ታዲያ አገጩ የት ሄደ?

እጄ ቀድሞኝ አስታወሰ። ከትምህርት ቤት ስመለስ የምሠራው ምን ነበር ጋሼ? ስምንቱን እርሳሶችዎን በብርጭቆ ወረቀት እየሞረድኩ እንደ መርፌ ማሹል ነበር። እርስዎ ነጌቲቩን መስታወት ላይ ዘርግተው፣ በማጉያ እያዩ፣ የሰውን ብጉር፣ የሰውን መጨማደድ፣ የሰውን ኪንታሮት አንድ በአንድ በእርሳስ ሲደፍኑ አጠገብዎ ቆሜ አይ ነበር። «ሰው ሲከፍለኝ ፊቱን ሳይሆን ምኞቱን ነው የማነሳለት» ይሉኝ ነበር። «አንድ ሙሉ ቀን ተቀምጬ ሠራሁበት» ብለው ጽፈውልኝ ነበር፤ አነበብኩት፣ አለፍኩት። ሰው መጠርጠር ሲጀምር የተጻፈውን አያነብም።

ጋሼ፣ ነጌቲቩን እርሳስ አስነክተውታል?

ከሆነ እንደገና ያንሷት። እርሳስ እንዳይነካው። መብራቱን ከፊት አያድርጉት፤ ከጎን ያድርጉት፤ አንድ መብራት ብቻ። ጉድጓድ የሚታየው በጥላው ነው፤ ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። አልበም የሚባለው እዚህም አለ፤ አልዋሽዎትም። ግን የቡጢን ፎቶ ከሐኪሟና ከእኔ በቀር ማንም አያየውም፤ የመዝገብ ቤቷን ልጅም አላስጠጋትም።

ያቺ ፀጉር ሠሪ ግን ቡጢን እንዳትነካት። በጠርሙስ የመጣው ነገር እንደኛ ያለውን ቆዳ ያቃጥላል፤ የተቃጠለው ደግሞ ከጠባሳው የባሰ ይጠቁራል። ይህን ብቻ ቶሎ ያንብቡልኝ።

ልጅዎ

---

ጥቅምት 14

ለልጄ፣

ፈጣሪ ልቦናሽን እንደጠበቀልሽ ዕድሜሽንም ይጠብቅልኝ።

ደብዳቤሽ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆኖ ደረሰ። ያኔ አልጽፍልሽም ያልኩት ይህን ነበር። ቡጢ «ምኗን ነው የማክመው» የሚለውን አንብባ በማግስቱ ጠዋት ለማንም ሳትነግር ፀጉር ሠሪዋ ዘንድ ሄደች። ግራ ጉንጯን ቀብታላት ሳለ ማቃጠሉ ሲብስባት ተነስታ ሮጠች። ቀኙ ተረፈ። ግራው ለአሥራ አምስት ቀን ፈሳሽ ነበረው፤ አሁን ደርቋል፤ የመዳፍ ግማሽ የሚያህል ጠቁሮ ቀርቷል። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ደግ ሴት ሆነው እስከ ኅዳር ማብቂያ ቦታዋን ጠብቀውላታል።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። ሳነበው መጀመሪያ ተቆጣሁ። «እኔ የልጄን ፎቶ? ለሐኪም የሚላክ ፎቶ? አብጃለሁ?» አልኩ። ተነስቼ ነጌቲቩን ከሣጥኑ አወጣሁና መስታወቱ ላይ ዘረጋሁት። ማጉያውን አስጠጋሁ። ሞልቶ ነበር ልጄ። ግራ ጉንጭ፣ ቀኝ ጉንጭ፣ ግንባር፣ አገጭ፤ በእርሳስ ያልተደፈነ ቀዳዳ የለም። በእኔ እጅ፣ በእኔ ሙያ፣ በጥንቃቄ። ሠላሳ አንድ ዓመት ይህ እጅ ነጌቲቭ ባየ ቁጥር እርሳስ ያነሳል፤ ያን ቀንም አነሳ። ሥራ ላይ ሳለሁ አላሰብኩም፤ ደስ እያለኝ ነበር የምሠራው። ጠባሳዋን አንድ በአንድ ሳየው ዋልኩ፤ ሌላ ሰው እንዲያየው ግን አልተውኩም። በዓይኔ ምዬልሽ ነበር፤ ዓይኔስ ደህና ነው፤ እጄ ነው የዋሸው።

ቡጢን ጠርቼ ነጌቲቩን አሳየኋት። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«አውቀዋለሁ አባዬ» አለችኝ። «ፎቶውን ስታሳየኝ ነው ያወቅሁት። 'እዪ፣ እንዴት ያለሽ ቆንጆ ነሽ' አልከኝ፤ ያሳየኸኝ ግን እኔን አልነበረም። አባቴም እንደዚህ ሆኜ ሊያየኝ አይችልም ማለት ነው አልኩ። እህቴ ደግሞ ጠባሳ የላትም ብላ ጻፈች። ታዲያ ለማን ልናገር? ፀጉር ሠሪዋ ብቻ ናት ፊቴን አይታ 'አዎ፣ ጠባሳ አለብሽ' ያለችኝ።»

ልጄ፣ የዚህን ቃል ክብደት በምንም ሚዛን ልመዝነው አልችልም። ተቀምጬ አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። ወደ ካሜራው ሄዳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ሻርፗን አወለቀች። «አሁን አንሳኝ» አለች። መብራቶቹን ራሷ አጠፋፍታ አንዱን ብቻ ከጎን አቆመችው። ሁለት ጊዜ አበላሸሁ፤ በሦስተኛው ተስተካከለልኝ። ስንጨርስ እጇን ዘረጋች። «እርሳሶቹን አምጣ።» ሰጠኋት። «እህቴ ዘንድ ይሂዱ፤ እኔ እስክድን እሷ ትያዛቸው» አለች። እነሆ ከፎቶዎቹ ጋር አሽጌ ልኬልሻለሁ። ፎቶ ቤት ያለ እርሳስ እንዴት እንደሚውል አላውቅም። ትናንት አንድ ሙሽራ መጥቶ «አፍንጫዬን ቀነስ አድርግልኝ» ሲለኝ «እርሳሴን በፖስታ ልኬዋለሁ» ብዬው እብድ ነው የመሰልኩት።

ስለ ቀይ ነጥቡም እንድትሰሚ። አክስትሽ ደብዳቤሽን ሳነብላት በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ እውነቱን የነገረችኝ ግን አሁን ነው። ያኔ ቡጢ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ብጉሩ የጀመረበት ሰሞን። የአንቺን ቅባት መድኃኒት ቤት ወስዳ በብጉር ሳሙና ለወጠችው። «የእኔ እጅ ቢሰነጠቅ ማን ያየዋል፤ የእሷ ፊት ነው የሚታየው» ብላ ነው። ለእኔም ለአንቺም መናገር አፈረች። ያ ሳሙና ግን ምንም አልፈየደም። አራት ዓመት ሙሉ በተሰነጠቀ እጇ ስታጥብ አይቻለሁ፤ ምክንያቱን አልጠየቅሁም። እኔ የሰው ፊት እንጂ የሰው እጅ አላነሳማ።

ቀጥሎ የምንሠራውን ጻፊልን።

አጎትሽ

---

ኅዳር 11

ለጋሼዬ፣ ለእትዬ፣ ለቡጢም፣

ሰላምታዬ ከሁላችሁ ጉልበት ሥር ይድረስ። ከምናፍቃችሁ ይልቅ የማፍረው በልጧል። ጥርጣሬዬን ልሽር አልችልም፤ ተጽፏል፣ ተልኳል፣ ቡጢ አንብባዋለች። ይቅር በሉኝ ማለት ብቻ ነው የቀረኝ። በተለይ አንቺ ቡጢ፣ ይቅር በይኝ። ቀድሞም ከጀርባዬ የጣልኩሽ እኔ ነኝ፤ ይህ ሁለተኛው ነው።

ፎቶዎቹን ለሐኪሟ በሩን ዘግቼ ሰጠኋት። በማጉያዋ ደጋግማ አየቻቸው። የዚህን ጊዜ «ምኗን ነው የማክመው» አላለችም። «ፎቶውን ያነሳው ሰው ሥራውን ያውቃል» አለች፤ ይህን ስጽፍልዎ ደስ እያለኝ ነው ጋሼ።

ያለችው ይህ ነው፤ ሳልቀንስ ሳልጨምር እጽፈዋለሁ። አሁን ለተቃጠለው ጉንጭ ዕረፍት ብቻ ነው መድኃኒቱ። እንዳይፋቅ፣ ሎሚም ይሁን ሳሙና እንዳይቀባ፣ ፀሐይ እንዳያገኘው። ፀሐይ መከላከያውን በዚህ ፖስታ ልኬያለሁ፤ ጠዋትና ቀትር ላይ ይቀባ። ጥቁረቱ በወራት ይደበዝዛል፤ በሳምንታት አይደለም። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ በትንሹ የሚቀባ መድኃኒት አለ፤ እሱን የሚያዝላት እዚያው ያለ የቆዳ ሐኪም ነው። ሐኪሟ በእጇ የጻፈችው ደብዳቤ ውስጥ አለ። ያንን ይዛችሁ ስትሄዱ «በሽታ አይደለም» ብለው አይመልሷችሁም። የሰረጎደው ቦታ በመርፌ የሚሠራ ሥራ ይፈልጋል፤ ዓመት ይፈጃል። ግማሹ ይሞላል፤ ሁሉም አይሞላም። ቡጢ ይህን እንድታውቅ እፈልጋለሁ። ጥርግ የሚባል ነገር የለም፤ ለልብስ ሰፊውም ንገሩልኝ።

ለእትዬ እጅም አንድ ቅባት አለበት። ክዳኑን ሙሉ በሙሉ ቀይ ቀብቼዋለሁ። መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ቆማችሁ ልትለውጡት ብትሉ አይቀበሏችሁም።

አንድ ነገር ብቻ። እርሳሶቹን ዘርግቼ ቆጠርኳቸው፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ሰባት ናቸው። በእኔ ጊዜ ስምንት ነበሩ፤ እኔው ነኝ የሞረድኳቸው። በጣም ጠንካራው፣ ቀጭኑ፣ አረንጓዴ ጀርባ ያለው የለም። ጋሼ፣ ልጠራጠር አልፈልግም። ዳግመኛ ላለመጠርጠር ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። ግን ስምንተኛው የት ነው?

ልጅዎ

---

ታኅሣሥ 3

ለእህቴ፣

እንደምን ነሽልኝ? ለአንቺ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ እስከ ዛሬ ስለ እኔ ስትጻጻፉ እኔ ከጓዳ እሰማ ነበር። እማዬ ሰላም ትልሻለች። ቅባቱን ሰዓት ቆጥራ ነው የምትቀባው፤ ክዳኑን ለጎረቤት ሁሉ ታሳያለች።

አባዬን አትጠርጥሪው። የሰባቱን ፖስታ ሲያሽግ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ስምንተኛውን ያስቀረሁት እኔ ነኝ።

ኅዳር ሃያ ስምንት ሥራ ጀመርኩ። ሻርፕ አልለበስኩም፤ አባዬ እስከ በሩ ሸኝቶኝ ካሜራውን ይዞ ቆሞ ነበር፣ ሂድ ብዬ አባረርኩት። አርባ ሦስት ልጆች ናቸው። ያልኩት አልቀረም፣ ገና ስገባ ከፊት የተቀመጠች አንዲት ጥርሷ የወለቀ «መምህር፣ ፊትሽን ምን ነካው?» አለችኝ። «ብጉር ነበር፣ ከዚያ አቃጠልኩት፣ አሁን እየታከምኩ ነው» አልኳት። አሰበችበትና «እኔን ደግሞ ውሻ ነክሶኛል» ብላ ክርኗን አሳየችኝ። ከዚያማ ቀኑን ሙሉ የየራሳቸውን ጠባሳ ሲያሳዩኝ ዋሉ፤ ፊደል ያስቆጠርኩት በማግስቱ ነው። ሁሌ እንዲህ ቀላል ነው አልልሽም። ሐሙስ ዕለት አንድ ወላጅ ፊቴን አይቶ ልጁን ከኋላ ወንበር አስቀምጪልኝ አለኝ፤ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ዓርብ ግን ሄድኩ።

ሐኪሙ ዘንድ ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ደብዳቤውን አንብቦ ተቀብሎናል። የመታጠቢያ ቤቱንም መስታወት መልሼ አዙሬዋለሁ። አባዬ አገጩን አይቶ «ይህን ሁሉ ማን ቆረጠኝ?» አለ።

እርሳሱን ስም መጥሪያው ላይ ነው የምጠቀምበት። አርባ ሦስቱንም ስም በእሱ ጻፍኳቸው። ይህንንም ደብዳቤ የምጽፍልሽ በእሱው ነው። ፊት ለመድፈን የተሠራ ስለሆነ ጠንካራ ነው፤ ወረቀቱን ይቦረቡራል እንጂ ቀለሙ ብዙ አይታይም። አንዳንዱ ቃል ካልተነበበልሽ መብራቱን ከጎን አድርጊው።

ቡጢ